በበቅሎ የተላከ ቃል

አንድ ሰው ነበረ። ወዳጄ ይርዳው፣ የጠየቅኸኝን የስፒከር ገመድ ነገር አልረሳሁትም፤ «ውድ የሆነውን ብገዛ ቤት ያለው ቴፔ ድምፁ ይጠራልኛል ወይስ ገንዘቤን ነው የምበትነው?» ነው ያልከኝ። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ሰው እወቀው።

ይህ ሰው ባለጸጋ ነበረ። ጎተራው ሙሉ፣ በረቱ ሙሉ፤ ለራሱ ያለው ግምትም ከሁለቱ የሚያንስ አልነበረም። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበረው። ልጁ ከወንዙ ማዶ የሚኖር የአንድ ገበሬ ሴት ልጅ ወደደ። ወደደ ስልህ፣ እህል አልቀምስ እስኪል ድረስ ነው። ባለጸጋው ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየው ነበርና «ለዚህ ነው እንዴ? እኔ እያለሁልህ?» ብሎ በማግሥቱ ወደ ገበሬው ሽማግሌ ላከ።

በእነዚያ ሰዎች አገር ወጉ እንዲህ ነበር። ሽማግሎች ለጋብቻ ሲላኩ ከልጅቷ አባት ቤት ይገባሉ፤ ግን አይቀመጡም። የተላኩበትን ቆመው ይናገራሉ። አባትየው ነገሩን ከወደደው «አረፍ በሉ» ይላቸዋል። ካልወደደው ደግሞ ክፉ ቃል ሳይወጣው እንደ ቆሙ ይሸኛቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሽማግሎች የሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ተመለሱ። «ምን አለ?» አላቸው ባለጸጋው። «ምንም አላለም። ዝም ብሎ ሰማንና ውሃ አጠጥቶ ሸኘን» አሉት።

ባለጸጋው አሰበ። ቃሉ የእርሱ ነው፤ የእርሱ ቃል ደግሞ እንከን ሊኖረው አይችልም። እንግዲያው የተበላሸው መንገድ ላይ ነው። እነዚያ አሮጌ ነጠላ የለበሱ ሽማግሎች ወንዙን ሲሻገሩ ግማሹን ረስተው፣ ግማሹን አጣመው አድርሰውታል። «ከእኔ አፍ ማር ሆኖ የወጣ ነገር ከእነሱ አፍ ሲደርስ አተላ ሆነ» አለ ለሚስቱ። ሚስቱም «የሰውዬው እናት ያረፉ ጊዜ እኮ...» ብላ ጀመረች። እርሱ ግን ስለ በቅሎ ማሰብ ጀምሮ ስለ ነበር አልሰማትም።

አፈ ቅቤ የተባሉ ሌሎች ሽማግሎችን ከሩቅ አገር አስመጣ። ወርቀ ዘቦ ካባ አለበሳቸው፤ በሰጋር በቅሎ ላይ አስቀመጣቸው፤ ዣንጥላ የሚይዝላቸው ሎሌም አስከተለ። ገበያተኛው መንገድ ለቀቀላቸው፤ የመንደሩ ውሾች እንኳ መጮሁን ትተው አዩአቸው ይባላል። ገበሬው ይህን ሁሉ ግርማ አይቶ፣ ቃላቸውን እስከ መጨረሻው ሰማና ለበቅሎዎቹ ጭድ ሰጥቶ ሸኛቸው።

ልጁ እየከሳ ሄደ። ከማዶም ለልጅቷ ሌላ ጠያቂ መጥቷል የሚል ወሬ ተሰማ። ባለጸጋው ይህን ጊዜ ፈራ። ልጁ እዚያው ፊቱ እየቀለጠበት ነው፤ ጎተራው ደግሞ ምንም ሊያደርግለት አልቻለም። በመጨረሻ «እንግዲህ አብሬ ሄጄ የት ላይ እንደሚያበላሹት በገዛ ጆሮዬ እሰማለሁ» አለ። የሎሌውን አሮጌ ጋቢ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ የበቅሎ ልጓም ይዞ ባለ ካባዎቹን ተከተላቸው። ከደረሱም በኋላ ከደጃፉ ቆሞ ጆሮውን አቆመ።

የሽማግሎቹ ታላቅ ጉሮሮውን ጠርጎ ቃሉን አደረሰ። «የላከን ሰው እንዲህ ይላል፦ ልጄ ልጅህን ወዷል። እኔን የመሰለ ሰው ከአንተ ጋር ልዛመድ ማለቱ ላንተ ክብር ነው። የእኔን ሀብት አገር ያውቀዋል፤ ያንተንም አውቀዋለሁ። እንግዲህ አትግደርደር፤ እሺ በል።»

አንዲት ቃል አልጎደለችም። ሽማግሌው እንዲያውም አሳምሮ ነው የተናገረው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ስለ ነበር የነገሩ አስቀያሚነትም ጥርት ብሎ ተሰማ። ባለጸጋው የገዛ ቃሉ ከሰው አፍ ሲወጣ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አፈረ። በጋቢው ውስጥ ላብ አጠመቀው።

ገበሬው «ደከማችሁ፣ አባቶቼ» አለ። «ካባችሁም በቅሏችሁም ያምራል። ቃሉ ግን በእግራቸው ከመጡት ከሰማሁት ጋር ያው ነው። እናቴ ያረፈች ጊዜ ይህ ሰው ወንዙን ተሻግሮ እግዜር ያጥናህ አላለኝም። እህል እያስወቃ ነው አሉኝ። ሽማግሌ በላከ ቁጥር፣ በቃሉ ውስጥ እናቴን አንድ ቦታ ያነሣት ይሆን እያልሁ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። አያነሣትም።»

ሚስቱ ጀምራ የተወችው ነገር ለባለጸጋው ያን ጊዜ ገባው። ልጓሙን ለቀቀ። በቅሎዋም ነጻ መውጣቷን አይታ ወደ ገበሬው የጎመን መደብ አቀናች። እርሱ ግን ጋቢውን ከፊቱ ገልጦ፣ በሽማግሎቹ መካከል አልፎ፣ ከገበሬው ፊት ጎንበስ አለ።

«እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ» አለ። «ውቂያው ይቆየኝ ነበር። እናትህ ነበሩ የማይቆዩኝ። አጥፍቻለሁ።» ስለ ልጁ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ገበሬው አየው። ጋቢውን አየ፣ እጁ ላይ የቀረውን የልጓም ምልክት አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በዚያው መሐል ሳቅ አመለጠው። «አንተ ነህ እንዴ በቅሎ ያዡ?» አለና ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። «አረፍ በሉ እንጂ፤ እስከ መቼ ትቆማላችሁ?»

ሽማግሎቹ ተቀመጡ። የሰርጉን ነገር አላስረዝምብህም፤ ጎመን ብቻ ነው ያልነበረበት።

እንግዲህ ይርዳው፣ ገመድህ ሽማግሌ ነው። ሥራው የተሰጠውን ቃል ሳያጎድል ማድረስ ነው። ሰክሮ የሚወድቅ ሽማግሌ አይላክም፤ አንተም የተላጠ፣ የተበጣጠሰ፣ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ካለህ ጣለው። ወፈር ያለ ተራ የመዳብ ሽቦ ግዛ፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ ይበልጥ ወፈር ይበል፤ ጫፉን አጥብቀህ እሰር። ያ በእግሩ የሄደው ሽማግሌ ነው፤ እርሱም ቃሉን አላጎደለም። ከዚያ በላይ ያለው ካባና በቅሎ ነው። ካባ ካማረህ ግዛ፤ ካባ መሆኑን አውቀህ ግን ግዛ። ካላመንከኝ እንደ ባለጸጋው ተከናንበህ ስማ፦ አንድ ሰው ከኋላህ ሆኖ ገመዱን ይቀያይርልህ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታይ በጆሮህ ብቻ ከለየኸው ውዱን እኔ እገዛልሃለሁ።

ድምፁ ታፈነብኝ አልከኝ። ባለፈው እሑድ ቤትህ መጥቼ አይቻለሁ። ስፒከሮችህ ከሶፋው ጀርባ ተወሽቀዋል፤ በላያቸው ሚስትህ በእጇ የሠራችው ዳንቴል እስከ መሬት ወርዷል፤ በዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጧል። «አንሺው» ማለት ስለ ፈራህ ነው ከገመድ ጋር የተጣላኸው። ገመዱን ተወውና ወደ ቤትህ ግባ። መጀመሪያ ስለ እጅ ሥራዋ አመስግናት፤ ይህን ያህል ዘመን ስመላለስ ስታመሰግናት ሰምቼህ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ የዳንቴሉን ነገር አንሣ። ታዲያ ራስህ ሂድ እንጂ እኔን ሽማግሌ አትላከኝ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው ብዙ አያስቆመኝም።