ዳገቱ ላይ የሚጠፋው ሞተር

አንድ ኤርሲዶ የሚባል ባለሞተር ነበር። ለሞተር ሳይክሉ እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳል። ማጠብና መወልወል ብቻ አልበቃውም፤ የበጋው አቧራ ቤንዚኑ ውስጥ ገብቶ ቤንዚን ለሞተሩ የሚያቀብለውን ካርቡራተር እንዳያበላሽበት የታንከሩን አፍ በፌስታል ሸፍኖ ክዳኑን ከላይ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋው ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ከጣጣ አላዳነውም። ሞተሩ ሜዳውን ሲበር ይቆይና ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው ዳገት ወገብ ላይ ሲደርስ አንገራግሮ ይጠፋል። ኤርሲዶ ወርዶ ይነካካል። ጥቂት ቆይቶ ማስነሻውን ሲረግጥ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። መንደርተኛው «ያንተ ሞተር ዳገት ላይ አረፍ ማለት ይወዳል» እያለ ይቀልድበታል። ለእሱ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሚስቱ ዳመነች የምትወልድበት ወር ገብቷል፤ አምቡላንስ ደግሞ ወደ እነሱ መንደር አይገባም። ምጧ ሲመጣ ያንን ዳገት የምትወጣው በዚሁ ሞተር ነው።

አንድ መካኒክ ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበለት። ዳገቱ ላይ ጠፋ። ሌላው ብሎኖቹን ሲያጠብቅና ሲያላላ ውሎ «በቃ፣ ድኗል» አለው። እንደገና ጠፋ። ሌላው ደግሞ ካርቡራተሩን አውጥቶ ጣለና አዲስ ገጠመለት፤ አዲሱም እዚያው ቦታ ላይ አመሉን አሳየ። በመጨረሻ ጋሽ ሙዘይን ወደሚባሉ አዛውንት መካኒክ ሄደ። እሳቸው መፍቻ አላነሱም።

«ሲጠፋብህ ምን ታደርጋለህ?» አሉት።

«ወርጄ ቤንዚን መኖሩን አያለሁ፣ ጋሼ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይነሳል። እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

«እኔንም ገረመኝ። እስቲ ከኋላህ ልቀመጥና አብረን እንየው።»

ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ እንደ ልማዱ ጠፋ። ኤርሲዶ ክዳኑን ሲከፍት ታንከሩ ሽው ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ቤንዚኑን አየና ፌስታሉን መልሶ ሊያለብሰው ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ይህን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኝ። አቧራ እንዳይገባ ብዬ ነው።»

«ልጄ፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ አየሃት? መተንፈሻው ናት። ቤንዚኑ ወደ ታች የሚወርደው በእሷ የሚገባ አየር ሲተካው ነው። አንተ ደፈንካት። ካርቡራተሩ ምን ያድርግ? ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፤ የሚደርሰው ሲያጣ ይጠፋል፤ ክዳኑን ስትከፍትለት ደግሞ አየር ይገባና ይነሳል።»

ኤርሲዶ አፈረ። ያን ያህል መካኒክ ቤት ሲመላለስ የገዛ እጁን አንድም ቀን አልጠረጠረም ነበር። ፌስታሉን ጥሎ ሞተሩን አስነሳ፤ ዳገቱንም ሳይቆሙ ጨረሱት። ብዙም ሳይቆይ ዳመነች ምጥ ያዛት። ጎረቤቷ ከኋላ ደግፋት በዚያው ሞተር ወጡ፤ ጤና ጣቢያው ደርሳም በሰላም ተገላገለች።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ልጃችን ሲፈዝብን ወይም የትዳር ጓደኛችን ዝም ሲለን ጉድለቱን የምንፈልገው እነሱ ውስጥ ነው። እንመክራለን፣ እንቆጣለን፣ አንዳንዴም ጨርሰን ለመለወጥ እንነሳለን። ከክፉ ለመጠበቅ ብለን የዘጋንባቸው በር መልካሙንም እንዳስቀረባቸው አናስተውልም። የምንሳሳለት ሰው ጥበቃ ብቻ ሳይሆን መተንፈሻም ያስፈልገዋል። እናንተስ፣ እንዳይበላሽብኝ ብላችሁ አየር ያሳጣችሁት ማንን ነው?