የባላምባራስ በቅሎና ሦስቱ ፈታዮች

ሦስት ጎረቤታሞች ከዋርካ ሥር ጥጥ እየፈተሉ ሲሳሳቁ፣ የአገሩ ሹም ባላምባራስ ጓንጉል በዚያ አለፉ። ሴቶቹ ተነሥተው እጅ ነሡና ተቀምጠው ሳቃቸውን ቀጠሉ። ባላምባራስ ሌሊቱን ሲብሰለሰሉ አድረው፣ በማግሥቱ ሦስቱንም አደባባይ አስጠሯቸው።

«ትናንት በምን ነበር የምትገለፍጡት?»

ከሴቶቹ ሁለቱ፣ የሻረግና እናኒ፣ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሦስተኛዋ ግን ባልቴት ናት፤ ከአባቷ ቁራሽ መሬትና ከምላሷ በቀር ሀብት የላትም።

«በጨዋታ ነዋ ጌታዬ! ሴት ስትፈትል ቀልዱም ምክሩም ከጥጡ ጋር ነው የሚፈተለው።»

«አትሸንግይኝ! ትናንት በማለዳ ብቻዬን ስሄድ በቅሎዬ ጭቃ ውስጥ ስትጥለኝ ተሸሽጋችሁ አይታችሁ ነው! አይደለም ካልሽ በንጉሥ ስም ማይ። በሐሰት ከማልሽ ግን ከመሬትሽ እነቅልሻለሁ!»

የባላምባራስ ሎሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩና ወደ መሬት አቀረቀሩ።

ባልቴቲቱ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

«ንጉሥ ይሙት፣ የሳቅነው በየሻረግ ባል ነው። ለቅሶ ቤት አንቀላፍቶ ሲነቃ ሠርግ መስሎት ሆ ብሎ ዘፈነ። የእርስዎን መውደቅማ ማን አይቶት? እኔም አገሩም የሰማነው ገና አሁን፣ ከራስዎ አፍ ነው። እንግዲህ መሬቴ ከተረፈልኝ፣ ጌታዬ፣ ጥቂት እንድንስቅ ይፍቀዱልን፤ እኛስ እንችለዋለን፣ ሎሌዎችዎ ግን ታፍነው ሊሞቱብዎ ነው።»