አህይትና ሦስቱ የፊልም ዋሻዎች

አንድ ጊዜ፣ በጫካው ውስጥ ፊልም የሚያሳዩ ሦስት ዋሻዎች በተከፈቱበት ዘመን፣ ልጇን ጨው ነጋዴዎች ወደ በረሃ የወሰዱባት አንዲት አህያ ነበረች። ውርንጭላዋ ከሄደች ሁለት ክረምት አልፏል። አህይት ሣር ስትግጥም ውሃ ስትጠጣም፣ «አሁን ምን ታክል ይሆን? እግሯስ ጠንክሮ ይሆን?» ስትል ትውላለች።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ጅብን አገኘችው። አልሸሸችም። አንበሳ ገበያው እንዳይቀዘቅዝ ብሎ፣ ፊልም ተመልካች የሆነ ሁሉ ሌላውን ተመልካች እንዳይበላ አውጆ ነበርና፣ እሷም ያን ሰሞን ተመዝግባ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ሦስቱም ጋ ትገባለህ አሉ። የትኛው ይሻላል?»

«የአንበሳው ግርማ አለው» አለ ጅብ። «ግን ከራሱ ከአንበሳ አደን በቀር ምንም የለው። የእመት ጦጢት ሳቅ ብቻ ነው፤ እኔ ነገሩ እስኪገባኝ ፊልሙ ያልቃል። የቀበሮ ግን፣ እህ! ሥጋ በሥጋ ነው።»

«የጨው መንገድ የሚያሳየውስ?»

«ጨው? አዎ፣ ጥብሱ ላይ ሲነሰንሱት አይቻለሁ።»

አህይት ተስፋ ሳትቆርጥ ሁሉንም ልትሞክር ተነሣች። በአንበሳ ዋሻ አንበሳ ያገሳል፣ ያሳድዳል፣ ይይዛል፤ ደግሞ ያገሳል። ሲይዝ ዓይኗን እየጨፈነች ጨረሰችው። በእመት ጦጢት ዋሻ ሁሉም በሳቅ ሲንከባለል እሷም ትንሽ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ለቅሶ ቤት የሳቀች ያህል አፈረችና ወጣች።

ቀበሮ ዘንድ ስትገባ ነገሩ ሌላ ሆነ፤ እዚያ እያንዳንዱ ተመልካች የየራሱን ፊልም ነው የሚያየው። ቀበሮ ፊልም አያይም። ከኋላ ተቀምጦ የተመልካቾቹን ጆሮ ነው የሚያየው። በፊልሟ ውስጥ አንድ የግመል ቅፍለት በአሸዋ ላይ ሲያልፍ የአህይት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ቀበሮም አየ፣ ልብ አለ።

በማግስቱ ብትመጣ የደጃፉ ግድግዳ በሙሉ በፊልም ማስታወቂያ ሥዕል ውርንጭላ በውርንጭላ ሆኗል። አንዷ ጨው ተጭናለች፣ አንዷ ጉድጓድ ዳር ቆማለች። አህይት ወደ ቀበሮ ሮጠች።

«ጌታው ቀበሮ፣ ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«ገብተሽ እያታ፣ እመት አህይት!»

ገብታ አየች። የሌላ እናት ልጅ ናት። ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛውን አየች። በአራተኛው አንዲት ወጣት አህያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ አቧራው ስትሄድ ፊልሙ አለቀ።

«ፊቷስ?» አለች አህይት ብድግ ብላ።

«ፊቷ ክፍል ሁለት ላይ ነው።»

«መቼ ይመጣል?»

«በቅርብ ቀን» አለ ቀበሮ፣ ጭራውን እያበጠረ።

ከዚያ ወዲያ አህይት ሌላ ነገር ማየት ተወች። ጠዋት ትመጣለች፣ ያቺን ጀርባ ታያለች፣ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ታስጀምራለች። አረማመዷ የልጇን ይመስላል፤ ወይም የልጇን አረማመድ ረስታዋለች። የትኛው እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ሣር መጋጥ ቀነሰች፣ ጎድኗ ተቆጠረ። ጎረቤቶቿ፣ «አህይትን የት እናግኛት?» ለሚል ሁሉ ወደ ቀበሮ ዋሻ መጠቆም ለመዱ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ያቺን ጀርባ እያየች ሳለ የአህያ ጩኸት ሰማች። ከፊልሙ መሰላት። «ዛሬስ ድምፅም ጨመሩበት» ብላ ይበልጥ ተጠጋች።

ፊልሙ ሲያልቅ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የራሱን ፊልም ሲያይ የዋለው ጅብ እያጉረመረመ መጣ።

«ዛሬ እንዴት ያለች በጥባጭ መጣችብኝ መሰለሽ!»

«የምን በጥባጭ፣ አያ ጅቦ?»

«አንዲት ጨው የተጫነች ለግላጋ አህያ ናታ! ጥብሱ ሊገለበጥ ሲል ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ‹እናቴ እዚህ ናት አሉኝ፣ ጥሩልኝ› አትልም? አናፋች፣ አናፋች፤ ጆሮዬን በላችው።»

አህይት ጅብ ላይ አፈጠጠች። «በላሃት?»

«ኧረ ተይኝ እቴ! ማን ጊዜ አለው? ‹ዝም በይ፣ ሰው እያየ ነው!› አልኳታ። ጥቂት ቆመች። ኋላ ነጋዴው ሲጠራት አንገቷን ደፍታ ሄደች።» ይህን ብሎ ጅብ ሊሄድ ዞረ። ጥቂት ሲያስብ ግን አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ። «ቆይ… አህያ እኮ ነበረች!» ብሎ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «የሰባች አህያ!»

አህይት ግን አልሰማችውም። ተመልካቹን እየገፈተረች ወጥታ ወደ ኮረብታው መሮጥ ጀምራለች።

«እመት አህይት! ወዴት ነው?» ሲል ቀበሮ ከኋላዋ ጮኸ። «ክፍል ሁለት እኮ ደረሰ!»

ከኮረብታው አናት ስትደርስ ነጋዴዎቹ ቁልቁለቱን ጨርሰው ሜዳውን ይዘውታል። ሃያ የሚሆኑ አህዮች በአንድ መስመር ይሄዳሉ፤ ከሩቅ ሁሉም ጀርባ ብቻ ናቸው። አህይት የቻለችውን ያህል አናፋች። ነፋሱ ድምፅዋን ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና አናፋች። ከመስመሩ መሃል አንዲቱ ቆም አለች፤ ወይም የቆመች መሰላት። ከዚያ አቧራው ሁሉንም ሸፈናቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ የናፈቅነውን የሚያሳየን ቢበዛም የሚያመጣልን እንደሌለና፣ ናፍቆታችን በእግሩ ሲመጣ ደጃችን ላይ ሊያገኘን እንደሚገባ ነው።