የጋራው ማማ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ኑሮው በበቆሎ» አሉ አባባ ገብረየስ፣ የአሰግድን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ።

አሰግድ ብረት በያጅ ነው። የጠየቀው ስለ ልጁ ነበር። ልጅቷ አራተኛ ክፍል ደርሳ ከስሟ በቀር ማንበብ አትችልም። እሱም በመንግሥት ትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ሦስት ዓመት ሲከራከር ኖሯል። አሁን ደግሞ «ለአንድ ተማሪ የሚመደበው ገንዘብ ልጁን ተከትሎ ወላጅ ወደ መረጠው ትምህርት ቤት ይሂድ» የሚል ሐሳብ መጥቶ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ሰኞ ስብሰባ አለ።

«አባባ፣ ላውጣት ወይስ ልተዋት? ባወጣት ጎረቤቶቼን የከዳሁ ይመስለኛል፤ ብተዋት ልጄን።»

አባባ ገብረየስ ዳዊት ከመድገም በቀር ብዙ ያልተማሩ ሰው ናቸው። አማተቡና ቀጠሉ።

የዚያ ገበሬ ማሳ ከገደል ሥር ነበር። ገደሉ የዝንጀሮ ነው። ዝንጀሮ ደግሞ እሸት የሚደርስበትን ቀን ከባለቤቱ ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ የመንደሩ ሰው በማሳዎቹ መካከል አንድ ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ የሚወነጭፍ አንድ ጠባቂ ቀጥሮ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና እህል እያዋጣ ይቀልበው ነበር።

ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ስትከርር ግን ያንቀላፋል። ያ ገበሬ ደግሞ ጆሮው ንቁ ነው። የወንጭፉ ጩኸት ትንሽ ሲዘገይበት ደጁ ላይ ቆሞ፣

«አንተ ሰው! አለህ?» ይላል።

«አለሁ!» ይላል ጠባቂው ደንግጦ፤ ወዲያው ወንጭፉ ይጮኻል።

ጎረቤቶቹ ይቀልዱበት ነበር። «ይሄ ሰውዬ ዝንጀሮውን ትቶ ጠባቂውን ይጠብቃል» ይሉታል።

አንድ ቀን ገበሬው ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ፣ ሦስት ትልም በቆሎው ተሸልቅቆ አገዳው ብቻ ቆሞ አገኘ። ጠባቂው ማማው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ገበሬው አልተሳደበም። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ፣

«ከእንግዲህ ቁናዬ እኔን ይከተል። የራሴን ማማ እሠራለሁ» አለ።

«ቁናህ ከወጣ የሰውየው ቀለብ ይጎድላል» አሉት።

«ለሚተኛ ሰው ቀለብ ምን ያደርግለታል?»

እሺ ብለው አሰናበቱት። እውነቱን ነበራ።

የራሱን ማማ ሠራ። እጁ የማይስት ወንጫፊም ቀጠረ። በዚያ ክረምት አንዲት እሸት አልጠፋችበትም። ይህን ያዩ ሌሎች ሁለት አቅም ያላቸው ሰዎችም ቁናቸውን ይዘው ወጡ። ገበሬው ደጁ ላይ ቆሞ መጮኹን ተወ። ለምን ይጮኻል? የእሱ ጠባቂ አይተኛም።

የጋራው ጠባቂ ግን ቀለቡ ሲጎድልበት ግማሹን ቀን ድንጋይ ሲፈልጥ ይውላል። ግማሹን ደክሞት ይተኛል። የሚጠራው የለም።

ከገደሉ ጥግ የአንዲት ባልቴት ማሳ ነበር። ቤቷ ከኮረብታው ጀርባ ስለሆነ ብትጮህ አይሰማም። ዝንጀሮ የእሷን በቆሎ ጨረሰና መንገዱን ለመደ። በሁለተኛው ክረምት አልዘራችም፤ ማሳዋን ዳዋ ዋጠው። ዝንጀሮም በዳዋው ተከልሎ እስከ ገበሬው ድንበር ይመጣ ጀመር። የገበሬው ወንጫፊ እጁ ዛለ። «ጌታዬ፣ በአንድ በኩል ሳባርር በሦስት በኩል ይገባሉ። እኔ አንድ ሰው ነኝ» አለ። የበቆሎው እኩሌታ ሄደ።

ገበሬው ተናዶ ባልቴቲቱ ቤት ደረሰ።

«እትዬ፣ መሬትሽን ለምን ጦም አሳደርሽው? ጉድ አደረግሽኝ እኮ!»

«ታዲያ ለማን ልዝራ? ለዝንጀሮ ደቦ ልውጣለት?»

«ጠባቂው የታለ?»

«ጠባቂው ያው ማማው ላይ ነው። የጠፋኸው አንተ ነህ። አንተ ለበቆሎህ ስትጮህ እኮ የእኔም በቆሎ በጩኸትህ ይድን ነበር። ቁናህንስ እሺ፣ የራስህ ነው። ጩኸትህን ምን ልታደርገው ወሰድከው?»

ገበሬው ከኮረብታው ወረደ። የጋራው ማማ ሥር ሲደርስ አንዱ ቋሚ በምስጥ ተበልቷል። ከላይ ማንኮራፋት ይሰማል። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የድሮው ቃል ነው።

«አንተ ሰው! አለህ?»

ማንኮራፋቱ ቆመ። ጠባቂው ብድግ ብሎ ቁልቁል አየው።

«አለሁ» አለ። «ሁለት ክረምት ሙሉ የጠራኝ ሰው የለም።»

አባባ ገብረየስ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ።

«ከዚያስ? የራሱን ማማ አፈረሰው?» አለ አሰግድ።

«እሱን አልነገሩኝም። የነገሩኝ፣ በማግስቱ ምስጥ የበላውን ቋሚ የሚተካ እንጨት በትከሻው ተሸክሞ እንደሄደ ነው። በሦስተኛው ክረምትም ባልቴቲቱ ዘራች።»

ከዚያ ወደ አሰግድ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ማሳው ልጆቻችን ናቸው። የጋራው ማማ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ነው። ጠባቂው መምህሩ ነው፤ እሱም ቀለብ ጎድሎበታል። ባልቴቲቱ ደግሞ ስብሰባ ላይ አጠገብህ ተቀምጣ አንድም ቀን ቃል ያልተነፈሰችው እናት ናት። ሌላ ትምህርት ቤት ምረጪ ብትባል፣ ልጇን ማን ያመላልስላታል? ገበሬው አንተ ነህ። ልጅህን ማዳን ኃጢአት ነው አልልህም፤ ሰውየው ማማ በመሥራቱ እግዜር የተቆጣው አይመስለኝም። ጥፋቱ የራሱ ሲጠበቅለት አፉን መዝጋቱ ነው። ስለዚህ ብታወጣትም ባታወጣትም ሰኞ ስብሰባው ላይ እንዳትቀር። መምህሩ ሲተኛ ጥራው፤ ቀለቡ ሲጎድልም ጩህለት። ብታወጣት ደግሞ፣ ካወጣሃት በኋላ በሚመጣው ሰኞም ሂድ። ከባዱ ሰኞ እሱ ነው።»