በሩ ሳይገጠም የተንኳኳው ቤት

በእኛ ከተማ አንድ ሰው ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ ሲምል፣ ሰሚው ስለ በር አንድ ነገር ጣል ያደርግበታል። እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል፤ የከተማው ሰው ግን ይስቃል። ታሪኩን የማውቀው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ ችሎት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በዓይኔ ያየሁት ነው።

የሺመቤት የምትባል ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ሃያ ዓመት በኪራይ ቤት ኖራ፣ ከወንዝ ማዶ ባገኘችው ቦታ ላይ ቤት እንዲሠራላት ምንይችል ከሚባል ኮንትራክተር ጋር ተዋዋለች። በውሉ መሠረት ምንይችል በርና መስኮቱን ገጥሞ ቁልፍ ያስረክባል። እሱ ግን የጣሪያውን ቆርቆሮ መትቶ እንደጨረሰ ቀሪ ክፍያዬን አምጪ አለ። በሩን ግጠምና ውሰድ አለችው። በዚሁ ተኳረፉ፤ እሱ ሌላ ሥራ ያዘ፣ እሷም ወደ ቅቤዋ ተመለሰች።

ከወራት በኋላ ገበያ መሐል ካለው ሱቋ ድረስ አንድ ወረቀት መጣላት። ምንይችል ከሷት በሌለችበት ተፈርዶባታል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ካልከፈለች ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል ይላል። መከሰሷን እንኳ አልሰማችም ነበር። የሃያ ዓመት ልፋቷ ነውና ሱቋን ዘግታ ሰው ልታማክር ሄደች።

ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ከፍርድ ቤት ጋር አትጋጪ፣ ሽማግሌ ልከሽ ታረቂ እያለ መከራት። አቀርቅራ ሰምታ ሰምታ ቀና አለች።

“ሊከሰኝ ሲል የጠፋው ሱቄ፣ ቤቴን ሊያሸጥ ሲል ከየት ተገኘ? ሳልጠራ የተፈረደብኝን ፍርድማ አልቀበልም” አለች። በማግስቱ ፍርዱ ይነሳልኝ ብላ አቤቱታ አስገባች።

ተራዋ ሲደርስ እኔም ለራሴ ጉዳይ ቀጠሮ ኖሮኝ እዚያው ነበርኩ። ዳኛው ከመዝገቡ የምንይችልን ቃለ መሐላ አውጥተው አነበቡ። መጥሪያውን ያደረሰው ራሱ ነው፤ እንደ ልማዳችን መጥሪያ ይዞ የሚዞረው ከሳሽ ነዋ። ወንዝ ማዶ ካለው ቤቷ ሄጄ፣ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ መልስ ሳጣ፣ መጥሪያውን በሩ ላይ ለጥፌ ተመለስኩ ይላል። “ሦስት ጊዜ” የምትለዋን ለማሳመሪያ የጨመራት ይመስለኛል። ውሸት ማሳመሪያ ሲበዛበት ይሰበራል።

የሺመቤት እጇን አወጣች።

“ክቡር ዳኛ፣ የትኛው በር እንደሆነ ይጠየቅልኝ። እኛን ያጣላን እኮ በር አለመኖሩ ነው።”

መዝገቡን አስቀድማ አስነብባ የቆጠረችው ምስክር ሽማግሌው አናጢ ጋሽ ውብነህ ነበሩ፤ ቀርበው ማሉ።

“የዚያ ቤት በር እኔ ጋ ነው ያለው” አሉ። “ምንይችል አሠርቶኝ ሳይወስደው ዓመት ሞላው። አሁን ሌላ እንጨት የምልገው እሱ ላይ አጋድሜ ነው።”

ከዚያ በኋላ ምንይችል በሩ የለም ቢል መሐላው ሐሰት ሊሆንበት፣ አለ ቢል አናጢው ፊቱ ቆመው፣ መግቢያ አጣ። ዳኛው ፍርዱን አነሱት፤ ሐራጁም ቀረ፤ ክርክሩ ሁለቱም ባሉበት እንደ አዲስ እንዲሰማ ቀጠሮ ሰጡ። የሺመቤት በዚህም አልረካችም። ክረምቱን ሙሉ በበሩ ክፍተት የገባው ዝናብ ያበላሸብኝን እጠይቃለሁ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ ወጣች። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ግቢው ውስጥ ምንይችል ጋሽ ውብነህን ተከትሎ ያዛቸው። በር ባይኖርም እስከ ደጇ መሄዴንስ ምነው ባይክዱኝ ብሎ አጉረመረመ። ሽማግሌው ቆም ብለው ትክ ብለው አዩትና፣ “ልጄ፣ በር በሌለው ቤት አንኳኳሁ አይባልም” አሉት።