ሣር የጋጠው ቀበሮ

ተረት ተረት! የላም በረት ያላችሁ ሁሉ ጠጋ በሉልኝ!

ባሕር ተሻግሮ የመጣ አንበሳ አገሩን ያዘና፣ እመት አህያን «ሣሬን ጋጥሽብኝ» ብሎ ሰባት ዓመት ድንጋይ እንድታመላልስ ሩቅ ደሴት ላካት። እሱ እኮ ሣር አይበላም! እንዳታመልጥም ከዘበኛዋ ከአያ ቀበሮ ጋር በአንድ ሰንሰለት አቆራኛት። ታዲያ እሷ ዳገት ስትወጣ ቀበሮም ይወጣል፣ እሷን ዝናብ ሲመታት እሱንም ይመታዋል። «ጠባቂ ነኝ እኮ!» ይላል፣ አቤት ኩራቱ!

ሰባቱ ዓመት ሞላና ጉማሬ ሊያሻግራት መጣ። ሰንሰለቱ ሲፈታ ቀበሮ ቀድሟት ጀርባው ላይ ጉብ አለ።

«ውረድ አያ ቀበሮ፣ ነገ ሌላ እስረኛ ይመጣልሃል» አለው ጉማሬ።

«የኔስ መቼ ያልቃል?»

«አንተ መች ተፈረደብህና ያልቃል!»

የቀበሮ ዕንባ ዱብ ዱብ አለ። እመት አህያ አንጀቷን በላት።

«ምን ያስለቅስሃል የኔ ሞኝ? ሣሩ ያውልህ!» አለችው።

ቀበሮ ሆዬ እየተናነቀው የአንበሳውን ሣር አፉን ሞልቶ ዋጠ። «ሰባት ዓመት!» ተብሎ ሲፈረድበት እልልታውን አቀለጠው። እመት አህያም ከጉማሬው ጀርባ ላይ ሆና፣ «ማዶ እጠብቅሃለሁ!» አለችው።

እኔ ተረቴን ሰጠሁ፣ እናንተ ዳቦዬን አምጡ!