ንጉሡን ያስመረረ ጎመን

«ተረት ተረት!»
«የመሰረት!»

በድሮ ጊዜ፣ የድሀ ጓሮ ሁሉ የንጉሥ ነው በሚባልበት አገር፣ ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሽታዬ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ሀብታቸው ከቤታቸው ጀርባ ያለችው ጓሮ ብቻ ነበረች።

የበልግ ዝናብ ሲጥል ደብሪቱ ጎመን ተከለች። ጎመኑ ሲለመልም የንጉሡ አሽከሮች መጥተው ከነሥሩ ነቅለው ወሰዱት። ሽንኩርትና ቃሪያ ተከለች። መጡ፤ ወሰዱ። ጤና አዳምና በሶብላ ተከለች። ያንንም ለንጉሡ ወጥ ማጣፈጫ ብለው አጭደውት ሄዱ። ሽታዬ ከረሀብ የተነሳ ማልቀስ እንኳ አቃታት።

ደብሪቱ ባዶው መደብ ላይ ተቀምጣ ስታነባ፣ ፍልፈል ከአፈሩ ብቅ አለ።

«ሌላው ሰው ዘመዶቼን በዶማ ሲፈጅ አንቺ ነክተሽን አታውቂም» አላት። «እንቺ ይህን የጎመን ዘር። ላልኮተኮተው ሰው እንደ ሬት ይመራል። ግን ጣዕሙን የሚወስደው ከተከለው ሰው ምላስ ነው። አንቺ ከእንግዲህ የምትበዪው ሁሉ ይመርሻል።»

«ልጄስ?»

«እሷ ከኮተኮተች ይጣፍጣታል።»

«እንግዲያው አምጣው» አለች።

እናት ተከለች፤ ልጅ ኮተኮተች። ጎመኑ በማግስቱ ከጉልበት ደረሰ። አሽከሮቹም ሳያሳድሩ ለንጉሡ ወሰዱት።

ንጉሡ አንዴ ጎርሶ ተፋው። «መርዝ አበላችኝ!» ብሎ እናትና ልጅን አስጎተታቸው።

ደብሪቱ እጅ ነሥታ፣ «ጃንሆይ፣ መርዝ ከሆነ ልጄ ትብላው» አለች። ሽታዬ ከንጉሡ ገበታ ጎረሰች። ጣቷንም ላሰች።

«ታዲያ እኔን ለምን መረረኝ?»

«ለኮተኮተው ብቻ ነው የሚጣፍጠው። ይህ ዘር ደግሞ ባገሩ ጓሮ ሁሉ ተዘርቷል» አለች ደብሪቱ። ውሸቷን ነው፤ ከእሷ ጓሮ በቀር የትም አልነበረም።

ንጉሡ ወደ ጓሮዋ ወረደና ዶማ አነሳ። ሦስት ጊዜ ቆፈረ። መዳፉ ተላጠ። ሹማምንቱ ሳቃቸውን ዋጡ። ዶማውን ወርውሮ፣ «ከእንግዲህ የድሀ ጓሮ ቅጠል ቤቴ እንዳይገባ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

በዚያ ዓመት አገሩ ጠገበ። የሽታዬም ጉንጭ ሞላ። አንድ ቀን ከጎመኑ ጠቅልላ እናቷን አጎረሰቻት።

«እማ፣ ጣፈጠሽ?»

አፏ ውስጥ ያለው ሬት ነበር። ደብሪቱ ዋጥ አደረገችና፣ «በጣም እንጂ፣ ልጄ» አለች። እስክትሞት ድረስ እውነቱን አልነገረቻትም።

ልጆች፣ ጉልበተኛ በብልሃት ይሸነፋል። ግን የምትጎርሱት ሲጣፍጣችሁ፣ ለእናንተ ብሎ የመረረው ሰው እንዳለ አትርሱ።

ተረቴን መልሱ፤ የእናታችሁን እጅ ዳብሱ።